የሮክዉል ፓነሎች በበገና ክፍሌ፦ ክረምትም በጋም አይተናቸዋል

ለትንሽ የሙዚቃ ክፍል ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ከአዲስ ስፒከር በፊት ማሚቶ የሚመጥጥ ወፍራም የሮክዉል (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ ሱፍ) ፓነል ይቅደም። ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ይህን በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ክፍሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለች፣ 3 በ4 ሜትር የሆነች ናት። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። በገና እደረድርባታለሁ፤ ማታ ማታ ሙዚቃ እሰማባታለሁ። የበገና ውበቱ እዝዝታው ላይ ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ናት ያን ድምፅ የምታወጣው። ባዶው ክፍል ግን ያበላሸው ነበር። የአንዱ አውታር ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ይደርስና ሁሉም ይደበላለቃል። አንዴ ሲያጨበጭቡ እንኳ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይንጫጫል።

ፓነሎቹን አናጢ ነው የሠራልኝ። ክፈፉ 60 በ120 ሳንቲ፣ ሱፉ 10 ሳንቲ ውፍረት፣ ፊቱ አቡጀዲ። ጨርቁ አየር ማሳለፍ አለበት። አፍ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ ትንፋሽ ካለፈ ይሆናል። ሱፉ ሲቆረጥ ያሳክካል፣ ብናኙም አለ፤ ጓንትና ማስክ የግድ ነው። ከተሸፈነ በኋላ ግን አስቸግሮን አያውቅም።

የእንቁላል ካርቶንና ስስ ስፖንጅ የሚለጥፉ ብዙ ናቸው። እነዚህ የሚነኩት ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ ይታፈናል። ስፖንጁ ደግሞ እሳት ቶሎ ይይዛል። ከሰልና እጣን በማይጠፋበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦታ ለመምረጥ መስታወት በቂ ነው። እኔ ማዳመጫ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጓደኛዬ መስታወቱን በጎን ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ አንሸራተተው። ስፒከሩ የታየኝ ቦታ ላይ ፓነል ተሰቀለ። ማዕዘኖቹም የራሳቸውን አገኙ፤ ቤዝ የሚከማቸው እዚያ ነውና። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ያህል አራቅናቸው። ሱፉ የሚሠራው የሚንቀሳቀስ አየር ሲያልፍበት ነው፤ ግድግዳው ሥር አየሩ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ክፍተቱ በክረምትም ጠቀመን፤ ሻጋታ አላየሁም።

አሁን እዝዝታው ጥርት ብሎ ይሰማል። እያንዳንዱ አውታር ጀምሮ ሲጨርስ ለየብቻው ይታወቃል። ስፒከሩንም ድሮ ከማደርገው ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ፤ ግጥሙ አያመልጠኝም።

ያልፈታው ነገርም አለ። በ4 ሜትሩ ርዝመት ምክንያት 43 ሄርትዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ያጉረመርማል። የዚያ ድምፅ ሞገድ 8 ሜትር ይረዝማል፤ 10 ሳንቲ ሱፍ አያስቆመውም። የረዳኝ ወንበሩን ከኋላው ግድግዳ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ጎረቤትም እንደ ድሮው ይሰማል። ፓነል የክፍሉን ማሚቶ ይመጥጣል እንጂ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አይከለክልም። ይከለክላል ብሎ የሚገዛ ሰው ማዘኑ አይቀርም።

ከጊዜ ጋር የታየው ችግር ጨርቁ ነው። አቡጀዲው የጭስ ሽታ ይይዛል፤ በጋ ላይ አቧራ ጠጥቶ ወይቧል። ደግሜ ባሠራ ጠቆር ያለ ጨርቅ እመርጣለሁ። አንዱ ፓነል ውስጥ ሱፉ ወደ ታች ተንሸራቶ አናቱ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ከኋላ ሽቦ በመስቀለኛ ወጠርንበት፣ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። አናጢያችሁን ሽቦውን ከመጀመሪያው እንዲያስገባ ንገሩት።