«ኦሪጅናል ዊንዶውስ እንጭናለን» ለሚሏችሁ ላፕቶፓችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

ላፕቶፓችሁን ፎርማት ለማስደረግ ወደ ጥገና ቤት የምትወስዱ ሁሉ ይህን አንብቡ። በተለይ ከውጭ አገር በዘመድ የተላከላችሁ ማሽን ካላችሁ ነገሩ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል።

የእህቴን ላፕቶፕ አክስታችን ከአሜሪካ ያመጣችላት ናት። ሲገዛ ዊንዶውስ 11 ሆም የተባለው እትም ከነሕጋዊ ፈቃዱ ተጭኖበት ነበር። በቅርቡ ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ አወጣና ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ጠየቃት። እሷም መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰደችው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ «ኦሪጅናል ዊንዶውስ እንጭናለን» የሚለውን ማስታወቂያ በሌሎች በሮችም ላይ ተለጥፎ ስላየሁት አንዱን ለይቼ ማንሣቱ አይጠቅማችሁም። ባለሙያው «ሲስተሙ ሞቷል፣ ካልተጠረገ አይነሣም» አላት። ለፎርማት፣ «ለኦሪጅናል ዊንዶውስ 11 ፕሮ»፣ ለኦፊስ፣ ለአንቲቫይረስና ለአማርኛ መጻፊያ በድምሩ 2,500 ብር ከፈለች። ደረሰኝ ስትጠይቅ «ለሶፍትዌር ደረሰኝ አንቆርጥም» ተባለች። ፎቶዎቿና የመመረቂያ ጽሑፏ ረቂቅም በዚያው ጠፍተው ቀሩ።

ከሰማያዊው ገጽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሸወደው። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ በአብዛኛው ዲስኩን በራሳቸው ይመሰጥራሉ፤ ማለትም ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ይቆልፉታል። ማሽኑ አንድ ነገር እንደተለወጠ ከጠረጠረ፣ ለምሳሌ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ከታደሰ በኋላ፣ ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ያንን ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክ ገብቶ ማየት ይቻላል። የሞተ ሲስተም አልነበረም። ባለሙያው «ላፕቶፑን ስትከፍቺ የተጠቀምሽበት ኢሜይል የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቃት ሥራው በደቂቃዎች ባለቀ ነበር። ያ ጥያቄ ግን 2,500 ብር አያስከፍልም። የተመሰጠረ ዲስክ አንዴ ከተጠረገ ደግሞ የፋይል ማስመለሻ ሶፍትዌር እንኳ አያድነውም።

አሁን «ኦሪጅናል» ወደተባለው ልምጣ። ላፕቶፑን ተቀብዬ ሴቲንግስ ውስጥ የአክቲቬሽንን ገጽ፣ ማለትም የዊንዶውሱ ፈቃድ የሚታይበትን፣ ከፈትሁ። ዊንዶውሱ ሥራ ላይ የዋለው «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት» አማካይነት ነው ይላል። የትኛው ድርጅት? እህቴ ተማሪ ናት፣ ላፕቶፑም የግሏ ነው።

ይህ አረፍተ ነገር በግል ላፕቶፕ ላይ ከታየ የተጫነው ኦሪጅናል አለመሆኑን እወቁ። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ተቋማት ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለው፤ የተቋሙ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለ180 ቀን የሚያገለግል ፈቃድ ይሰጣል፣ ከዚያ እየታደሰ ይሄዳል። አክቲቬተር የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህንኑ ሰርቨር አስመስለው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ወይም ማን እንደሚያስተዳድረው ወደማይታወቅ ሰርቨር ይመሩታል። ገጹ ላይ «አክቲቭ» የሚለው ምልክት ስለሚታይ ደንበኛው አምኖ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ተመልሶ ይሄድና እንደገና ይከፍላል።

እኔን ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከነዊንዶውሳቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች የፈቃዱ ቁልፍ በማዘርቦርዱ ላይ ተቀርጾ ይመጣል። ዲስኩ ቢጠረግ ቁልፉ አይጠፋም። ትክክለኛው እትም፣ ማለትም ለእሷ ማሽን ሆም፣ ሲጫን ዊንዶውሱ ቁልፉን ራሱ አንብቦ ኢንተርኔት እንዳገኘ ሕጋዊ ይሆናል፤ ማንም ምንም አይጽፍም። ባለሙያው ግን ሁሉም ማሽን ላይ የሚጭነው ፍላሹ ላይ ያለውን አንዱን የፕሮ እትም ነው፤ የሆም ቁልፍ ደግሞ ለፕሮ አይሆንም። እህቴ በገዛ ቤቷ ተከራይ ሆነች፤ ያውም ለሌባ እየከፈለች።

የመጫኛው ዲስክ ራሱም ዋጋ የለውም። ማይክሮሶፍት የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በነጻ ያቀርባል፤ የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽና ኢንተርኔት ነው። የሚሸጠው ፈቃዱ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ላፕቶፑ ሲገዛ ከፍላችኋል። ለባለሙያ ጉልበትና ለኢንተርኔት መክፈል ተገቢ ነው፣ እሱን አልቃወምም።

ጸጥታውን በተመለከተ፣ አክቲቬተሮች ሲጫኑ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላሉ። በእህቴ ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስ ዲፌንደርን (ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን አንቲቫይረስ) ቅንብር ሳይ፣ እንዳይፈተሹ ከተባሉት ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የሲ ድራይቭ በሙሉ ገብቶ አገኘሁት። አንድ ፋይል አይደለም፣ ድራይቩ በሙሉ! ዘበኛው በር ላይ አለ፣ ግቢው ውስጥ ግን እንዳይገባ ተከልክሏል። በዚያ ላይ ዝማኔው ተዘግቷል፣ የከፈለችበት አንቲቫይረስም በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ፣ የተከፈተ ነው። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሬድ ካናሪ የተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እንዳሳወቀው፣ ኬኤምኤስ ፒኮ በተባለው የታወቀ አክቲቬተር ስም ከሚሰራጩት መጫኛዎች መካከል ክሪፕትቦት የሚባል ሰላይ ፕሮግራም ይዘው የተገኙ ነበሩ። ሥራው በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዎችን መስረቅ ነው። የባንክ አካውንታችሁን በላፕቶፕ የምትከፍቱ ሰዎች ይህችን ልብ በሉ።

ኦፊሱም የራሱ ወጥመድ አለው። «የዕድሜ ልክ ኦፊስ» ብለው የማታውቁት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጽፈው ከሰጧችሁ፣ ያ አካውንት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ነው። አስተዳዳሪው ባሻው ጊዜ ይዘጋዋል፤ በዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ያስቀመጣችሁትንም ፋይል መክፈት ይችላል። ሕጋዊና ነጻ ለሚፈልግ ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ ለደብዳቤና ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ለአማርኛ መጻፊያም መክፈል አያስፈልግም፦ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ካልተመቻችሁ ደግሞ ኪማን በነጻ ይገኛል።

ሰሞኑን የምሰማው ሌላ ማባበያ «ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል፣ የትኛውንም አሮጌ ማሽን ወደ 11 እናሳድጋለን» የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጸጥታ ክፍልና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ፍተሻውን አልፎ በግድ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ዝማኔ ለመስጠት ዋስትና የለኝም ይላል። ለአሮጌ ላፕቶፕ እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ለመልመድ ትንሽ ትዕግሥት ቢጠይቅም።

ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ባለ 48 አሃዙን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ዊንዶውሱ ሆም ይሁን ፕሮ አረጋግጡ። ባለሙያውን «በማሽኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጠቀማለህ ወይስ አክቲቬተር?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል። ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ የአክቲቬሽኑን ገጽ አስከፍቱ። ራምና ዲስኩም የነበራቸውን መጠን እንደያዙ አብራችሁ ተመልከቱ።

ቀድሞ ለተጫነባችሁ ደግሞ፣ አክቲቬተሩን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ከማይክሮሶፍት በወረደ መጫኛ እንደ አዲስ አስጭኑት። የይለፍ ቃሎቻችሁን ግን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ እንዳትቀይሩ። ከስልካችሁ ቀይሩ፣ ከኢሜይሉ ጀምራችሁ።