ከዚራ ውስጥ የታደሰች ባለ አንድ መኝታ፦ ገብቼ የኖርኩባት

ድሬዳዋ ላይ ለደላላ "ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ እፈልጋለሁ" ካላችሁ መልሱ ያው ነው። "የታደሰች አለችልህ፣ ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም።" እኔም የያዝኳት እንዲህ የተባለላትን ነው። በወር 18 ሺህ ብር። መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ ሻወር ቤት። አሮጌ ግቢ ውስጥ ናት፣ ከባለቤቷ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ሙቀቱንም ብርዱንም (ድሬ ብርድ ካለ) አይቼባታለሁ፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገራችሁ።

ፎቶው ላይ የሚታየውማ ያምራል። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ከነመብራቱ፣ ኩሽናው ካቢኔት ተገጥሞለታል፣ መስኮቱ ተንሸራታች አሉሚኒየም ነው። ሥራው ንጹህ ነው፣ አልዋሽም። የሴራሚኩ መጋጠሚያ ቀጥ ያለ ነው፣ በሩ ሳትታገሉት ይዘጋል፣ የሻወሩ ውሃ ወደ ሳሎን አይፈስም። "ታድሷል" የሚባለው ቤት ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ የተቀባ ስለሆነ ይሄ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ያደሰው ሰው ቤቱ ያለው ድሬ መሆኑን መርሳቱ ነው። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ያኔ ኤሲ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ትንንሽ የአየር መውጫ አለ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በቀዳዳው ያልፋል፣ አለቀ። የኔን ቤት ያደሰው ባለሙያ ኮርኒሱን ዝቅ አድርጎ በጂፕሰም ዘጋው፣ የአየር መውጫዎቹን በሲሚንቶ ደፈናቸው፣ የድሮውን የእንጨት መስኮት ነቅሎ ተንሸራታቹን ገጠመ፤ ተንሸራታች ደግሞ ምንም ብታደርጉት ከግማሹ በላይ አይከፈትም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሳሎኑ ከውጪው ይብሳል። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ከጂፕሰሙ በላይ አቁሮ ማታ ልክ ልትተኙ ስትሉ ይለቅባችኋል። ጂፕሰሙ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ቬንትሌተር የሚሸከም መንጠቆ ስላልተተወለት ያላችሁ አማራጭ የቆመ ቬንትሌተር ብቻ ነው፣ እሱም ያንኑ ሙቅ አየር ሲያመላልስ ያድራል።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው የባለቤቷ ቤት አልታደሰም። ቀለሙ ተልጧል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለቡና ስትጠራኝ ገብቼ የሚሰማኝ ቅዝቃዜ ግን የኔው ቤት በ18 ሺህ ብር የማይሰጠኝ ነው። "ማዘር፣ ይሄኛውንስ መቼ ነው የምታሳድሺው?" አልኳት አንዴ። "አቦ! እኔ እኮ የምኖርበት ነው" አለችኝ፣ ሲኒውን እያቀበለችኝ።

ደላላው "የኤሲ ቦታ አለው" ያለኝም ግድግዳው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ኤሲውን ገዝታችሁ ብትገጥሙ ደግሞ ቆጣሪው ከባለቤቷ ጋር የጋራ ነው። ካርዱ ቶሎ ባለቀ ቁጥር ማን ምን ያህል ፈጀ የሚል ክርክር ይመጣል። እኛ እስካሁን አልተጣላንም፣ እኔም ኤሲ አልገዛሁም፣ ሁለቱ ነገሮች ሳይገናኙ አይቀሩም።

ውሃው የድሬ ውሃ ነው። ካልሲየም ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ የሚያብረቀርቀው አዲስ ሻወር ጭንቅላትም ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ውሃው በየአቅጣጫው ይረጫል። ፈታችሁ አቼቶ ውስጥ ስታሳድሩት ይከፈታል፣ ከዚያ ይደፈናል፣ ደግሞ ታሳድሩታላችሁ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስለሚመታው ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ስትከፍቱ ለሻይ የተጣደ ነው የሚመስለው። ለውሃ ማሞቂያ ብር አታውጡ። ቀዝቃዛ ሻወር ከፈለጋችሁ ንጋት ላይ ተነሱ።

ሮቶውን ስታዩ ክዳኑንም እዩ። ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም። ድሬ በ2006 ዓ.ም ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች ገብተውባት ያ ሁሉ ሰው የተኛባት ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ላይ ነው፣ የምትናከሰውም ቀን ነው። ስለዚህ ማታ አጎበር መዘርጋት ለሷ ብዙም አይበቃም። የኔ ሮቶ ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር፣ ተናገርኩ፣ ማዘር በሳምንቱ አስቀየረችው። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት አልነበረም፣ እሱን ራሴ አሠራሁ።

ሰፈሩስ? ሰፈሩ ላይ ወቀሳ የለኝም። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ሲያወጣ በእግር መሄድ ራሱ ደስ ይላል። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይጋደማል ወይ ይቀመጣል፣ መንገዱ ጭር ይላል። አመሻሹ ላይ ከተማው እንደገና ይነሳል። ማታ የሚሰማው ባጃጅ ነው፣ እሱም ዋናው መንገድ ዳር ካልሆናችሁ አይረብሽም። ለአስቤዛ ባጃጅ ይዛችሁ ደቻቱን ተሻግራችሁ ቀፊራ ገበያ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝ መሆኑን ትረሳላችሁ፣ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ግን አይረሳም። ዳሩ ላይ ቤት ካሳዩአችሁ ምንም ያህል ቢታደስ ውሃው ያኔ የት ድረስ እንደመጣ ጎረቤት ጠይቁ።

ውል ላይ ደላላው የ6 ወር ቅድሚያ ክፈል ብሎኝ ነበር። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፣ ውሉም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው። ይሄንን በቀጥታ ለማዘር ነገርኳት፣ እሷም ምንም ሳታንገራግር ተስማማች። የተቆጣው ደላላው ነው፣ ለምን እንደተቆጣ እሱ ያውቃል።

አሁን የአየር መውጫዎቹን ለማስከፈት ተስማምተናል። የግንበኛውን እኔ እችላለሁ፣ ቀለሙን እሷ። ጂፕሰሙን ለማንሳት ግን እሺ አላለችም፣ "ገንዘብ ነው የፈሰሰበት" ብላለች፣ እውነቷን ነው። ለሰፈሩና ለአከራይዋ ከ5 5 እሰጣለሁ፣ ለቤቷ 3። በዚህ ዋጋ ከዚራ ውስጥ ያልታደሰ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቆጣሪው የግል የሆነ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቀለሙን ራሴ እቀባለሁ።