የአያታችንን ምርቃት በብራና ላይ እንድንጽፍ ያበቁንን መሪጌታ አመሰግናለሁ

ታናሽ እህቴ በጥር ተዳረች። ስጦታችንን ያየ ሁሉ «ማን ሠራላችሁ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ መልሱን በአደባባይ ልጻፈው። የሠራነው እኔና ባለቤቴ ነን። ያስተማሩን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ናቸው።

አያታችን በእኛ ሠርግ ዕለት የመረቁን ቃል በቪዲዮ ተቀርጾ ቀርቷል። ለእህቴ ሠርግ ግን አልደረሱም። ምርቃታቸው ለእርሷም እንዲደርሳት አስበን መጀመሪያ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድን። ብራና በሚመስል ወረቀት ላይ በኮምፒውተር ፊደል አትመው ሰጡን። ሁለት ቦታ ተሳስተው ነበር፤ ብንነግራቸው «ማን ያስተውለዋል?» አሉን። ያንን ወረቀት ለእህቴ ልሰጣት አልቻልኩም።

መሪጌታ ዘንድ የሄድነው እንዲጽፉልን ነበር። ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበቡና «አያታችሁ የመረቁትንማ እናንተው ጻፉት፤ እኔ አሳያችኋለሁ» አሉን። ስድስት ቅዳሜ ቀጠሩን።

ቆዳው የፍየል ነው። ውኃ ውስጥ ሰንብቶ፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ጠበቀን። ስቡን መፋቅ፣ ጠጉሩን መላጨት፣ እንደገና እያረጠቡ በሻካራ ድንጋይ ማሸት የባለቤቴ ድርሻ ሆነ። ሲፈቅ እጁ አንድ ቦታ ላይ ከከረረ ቆዳው ይበሳል። መሪጌታ ከጎኑ ቆመው በጣታቸው ብቻ «እዚህ፣ አሁን እዚያ» እያሉ ያሳዩት ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ትከሻውን በቅቤ ሳሸው አመሸሁ። ሥራ ሥራችንን ስንል እኔና እርሱ በአንድ ነገር ላይ አብረን ካጎነበስን ስንት ጊዜያችን ነበር!

የእኔ ሥራ ብርዕ መቅረጽ ነበር። ከመቃ ይቀረጻል፤ ጫፉ ገደድ ተደርጎ ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል። አራተኛው ነው የጻፈልኝ። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከተቃጠለ እህል ተዘጋጅቶ ለወራት የሚብላላ በመሆኑ መሪጌታ ከራሳቸው የቀለም ቀንድ ቀዱልን። ሦስት ቅዳሜ ወረቀት ላይ ብቻ አለማመዱን። «ልጄ፣ ቋሚውን አወፍሪ፣ አግድሙን አቅጥኚ» የሚለው ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ብራናው ላይ መስመሩ የሚሰመረው ያለ ቀለም በወስፌ ነው፤ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲደረግ ብቻ ይታያል።

ርእሱን ባለቤቴ ጻፈ፤ እጁ ከእኔ ይረጋል። ሲጨርስ መሪጌታ ዝም ብለው አዩት። ለካ «ሠርግ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፎት ኖሯል። «በንጉሡ ነው፤ ከግእዙ ‹ሠርጕ›፣ ከጌጥ የመጣ ቃል ነው» አሉት። እኔ ስድስቱ ሳምንታችን የጠፋ መስሎኝ ዕንባዬ መጣ። እርሳቸው ግን ቀለሙ እስኪደርቅ አስጠበቁን፤ ከዚያ ፊደሏን በስለት ጫፍ ፍቀው፣ ቦታውን በድንጋይ አልሰልሰው ብርዑን መልሰው ለባለቤቴ ሰጡት። አልጻፉለትም። ማተሚያ ቤቱ የሰጠን መልስ ትዝ አለኝና ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት የዚያን ቀን እጥፍ ሆነ።

ምርቃቱ አጭር ነው፦ «እግዚአብሔር ጎጆአችሁን ያሙቀው። ውለዱ፣ ክበዱ። ሌማታችሁ እንጀራ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።» የፈጣሪን ስም በቀይ አስጻፉን፣ ቀሪው ጥቁር ነው። ከላይ ያለውን ሐረግ፣ ማለትም የጌጥ ሥዕሉን፣ እርሳቸው ነደፉት፣ ቀለሙን ሁለታችን እየተፈራረቅን ሞላነው።

ዋጋቸውን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ እስከ መጨረሻው አንድ ብር አልጨመሩም። ከቆዳው የተረፈውን ቁራጭ እንኳ ለልምምድ ብለው አሸክመውናል። አንድ ምክራቸውን ላካፍላችሁ፦ ብራና በእርጥበት ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ከመስታወት ጋር መጣበቅ የለበትም፤ በፍሬሙና በቆዳው መካከል ክፍተት ይተውለት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው።

በመልሱ ዕለት አባታችን ብራናውን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ የቀረውን እህቴ ጨረሰችው።

መሪጌታ ሆይ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለእጅዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን ይስጥልኝ። ሥራቸውን ለምትፈልጉ፣ እርሳቸውም ስለፈቀዱልኝ፣ በውስጥ መልእክት ብትጠይቁኝ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ጽፈው ይሰጣሉ፤ ጊዜ ካላችሁ ግን እንዲያስተምሯችሁ ጠይቋቸው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ያላችሁ ቶሎ ሂዱ፤ ቆዳው ከአሁኑ መነከር አለበት።