ሰነድ በፖስታ መላክ፦ ከደብረ ብርሃን የተሰጠ አስተያየት

ከደብረ ብርሃን ወደ ሌላ ከተማ ሰነድ የሚልክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መናኸሪያ ሄዶ ለመኪና ረዳት አደራ ይሰጣል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኗ ፍጥነቱ አይካድም፤ ነገር ግን ደረሰኝ የለውም፣ ቢጠፋም ተጠያቂ አይገኝም። የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና ወይም የፍርድ ቤት ወረቀት ሲሆን በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) መላክን እመርጣለሁ፤ ላኪው ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይይዛል፣ ተቀባዩም ፈርሞ ይረከባል።

ዋጋው ዝቅ የሚለው ግን ላኪው በቤቱ አዘጋጅቶ ሲመጣ ነው። ክፍያው የሚሰላው በክብደት እርከን ሲሆን፣ ለደብዳቤ ከድሮ ጀምሮ የተለመደው የመጀመሪያ እርከን 20 ግራም ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ተራ ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ስለሚመዝን፣ አራት ቅጠል ብቻውን እርከኑን ይሞላና ፖስታው ሲጨመርበት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ስለዚህ ኮፒውን ከፊትና ከኋላ ማስነሣት፣ ክላሴሩን ማስቀረት፣ ሳይታጠፍ መሄድ ለማይገባው ሰነድ ካልሆነ በስተቀር ወፍራሙን ካኪ ፖስታ መተው ይበጃል። (ሁለት ቅጠል ማመልከቻ በትልቅ ካኪ ፖስታ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ለክብራቸው ይሁን ለልማድ አይገባኝም።)

ከክብደት ይልቅ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው አድራሻ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ከተማ ሳይጠቅስ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ብሎ የላከልኝ ደብዳቤ እጅግ ዘግይቶ ደርሶኛል። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ የአንዱ መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ የሌላው ፍቼ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥርም ያለ ከተማው ስም ዋጋ የለውም፤ ያው ቁጥር ደብረ ሲናም ሸዋ ሮቢትም ሊኖር ይችላል። «ደ/ብ» ብሎ ማሳጠርም አይመከርም። የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ፣ የከተማው ስም ሳይቆረጥ፣ ከዚያም ስልኩ በየመስመሩ ቢጻፍ፣ የላኪው አድራሻ ደግሞ በግራ ራስጌ ቢሰፍርና ቀኙ ራስጌ ለቴምብር ቢተው ደብዳቤ የሚለየው የፖስታ ሠራተኛ አይቸገርም። በመንዝና በመርሐቤቴ ገጠር ላለ፣ የራሱ ሣጥን ለሌለው ሰው፣ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» ብሎ በተቋሙ ሣጥን መላክ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው።

ለውጭ አገር ደብዳቤ፣ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት እንደሚመክረው፣ የመድረሻው አገር ስም በመጨረሻው መስመር ላይ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፋል።

የአገልግሎቱ ዋና ጉድለት ደብዳቤው በአመዛኙ እስከ ሣጥኑ እንጂ እስከ ደጅ አለመምጣቱ ነው፤ ሣጥኑን አዘውትሮ የማይከፍት ተቀባይ ካለ ላኪው ስልክ መደወል ይኖርበታል። በማግስቱ መድረስ ያለበትን ወረቀት በተራ ደብዳቤ እንዲልክ ለማንም አልመክርም።