ለካባና ለማዕድን ቦታ መኪኖች የቱን እንግዛ? ካሜራ፣ ራዳር፣ መለያ ወይስ ጂፒኤስ

ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሹፌሩ በስፖኪዮ የማያየው ሰፊ ቦታ አለ። ይህን ለመሸፈን ከሚሸጡት መሣሪያዎች ለመምረጥ ከዋጋው በፊት እያንዳንዱ የት እንደሚሳሳት እዩ።

ካሜራ ርካሽ ነው፤ ግን ሹፌሩ ካላየው ዝም ይላል። አቧራና ጭቃ ሌንሱን ይሸፍኑታል፣ የማለዳ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምስሉ ይነጣል። በየፈረቃው መጀመሪያ የሚወለውለው ሰው መድቡ።

ራዳር አቧራና ጨለማ አያግዱትም፣ ራሱ ይጮኻል። ሰውን ከአፈር ክምር ግን አይለይም። ወደ መሬት አዘንብሎ ከተገጠመ መንገዱን ራሱን እንቅፋት ያደርገዋል፤ ጩኸቱ የሰለቸው ሹፌር ደግሞ ገመዱን ይነቅላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ከኋላ ማርሽ መብራት መስመር በፊውዝ አገናኙት፤ የሚነሳው ወደ ኋላ ሲኬድ ብቻ ይሆናል። ለድንጋይ ካባ በቅድሚያ የምንመክረው ራዳርና ካሜራን አንድ ላይ ነው፦ ራዳሩ ያነቃል፣ ካሜራው ምን እንደሆነ ያሳያል።

በእግር የሚሠሩ ሰዎች ከበዙ፣ በተለይም ከመሬት በታች፣ በቀበቶ የሚታሰር መለያ፣ ማለትም መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ ሰውየውን የሚያውቅበት ትንሽ ምልክት ሰጪ፣ ይበልጣል። በማግኔት መስክ የሚሠራው ዓይነት ከአለት ኩርባ ጀርባ ያለን ሰውም ያገኛል። ባትሪው ያለቀበት ወይም መለያውን ረስቶ የገባ ሰው ግን ለመሣሪያው የለም፤ ስታዝዙ እንግዶችንና የቦቴ ሹፌሮችንም ቁጠሩ።

ጂፒኤስ፣ ማለትም መኪኖቹ ቦታቸውን ከሳተላይት አውቀው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ለመስቀለኛ መንገድ ጥሩ ነው። ከመሬት በታች አይሠራም፣ ረጅም ግድግዳ ሥር ቦታ ያዛባል።

ሻጩን ስለ ርቀት አጥብቃችሁ ጠይቁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ሹፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ 2 ሰከንድ ቢወስድበት 22 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2 ሜትር ቢቀንስ ሌላ 31 ሜትር ይፈልጋል። ድምሩ 53 ነው፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ይብሳል። 20 ሜትር የሚያይ ራዳር ለጉዞ ሳይሆን ወደ ኋላ ለመሄድ ብቻ ነው።

ራሱ ፍሬን የሚይዝ ከፈለጋችሁ መሣሪያው ከመኪናው ጋር የሚነጋገረው በአይኤስኦ 21815 (የቁፋሮና የአፈር ሥራ ማሽኖች ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት መሆኑን አረጋግጡ። የፍሬን ቧንቧ ቆርጦ የሚገጥም ባለሙያ አትፍቀዱ፤ እርጥብ ዳገት ላይ በድንገት የተያዘ ጭነት መኪና ይንሸራተታል።

ቀሪውን ክፍያ ከፍተሻ በኋላ ፈጽሙ፦ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማ ሥር ታኮ ገብቶ፣ ራዳሩ እንዲነሳ የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ አንድ ሰው በ3፣ በ5 እና በ10 ሜትር ከኋላና ከሁለቱም ማዕዘን ይቁም። መሣሪያው ዝም ያለበትን ቦታ በኖራ አስምሩና ለሹፌሮቹ አሳዩ።