ለዘገየ የግብር ማስታወቂያ፦ የሂሳብ ባለሙያ ወይስ የግብር ጠበቃ?

ለዓመታት ሳይቀርብ የቆየ የግብር ማስታወቂያ (ገቢን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቁበት ቅጽ) ያለበት ሰው የትኛውን ባለሙያ እንደሚይዝ ያመነታል።

ወጪ፦ የሂሳብ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

ሥራ፦ ደረሰኝ ቢጠፋ እንኳ ከባንክ መግለጫ ተነሥቶ የየዓመቱን ገቢና ወጪ መልሶ የሚያቀናብረው የሂሳብ ባለሙያው ነው፤ ጠበቃ ቢያዝም ይህ ሥራ አይቀርም።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ የሂሳብ ባለሙያ ግን የሚያውቀውን እንዲመሰክር ሊገደድ ይችላል፤ ስለዚህ ገቢውን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ዝርዝሩን ለሌላ ከመናገሩ በፊት ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

መዘግየቱ በቸልተኝነት ወይም በሕመም የመጣ ከሆነ የሂሳብ ባለሙያ ይበቃል፤ የወንጀል ምርመራ ከተጀመረ ግን ጠበቃው ይቅደም። አለማሳወቅና አለመክፈል በብዙ ቦታ ለየብቻ ስለሚያስቀጡ፣ መክፈያ ገንዘብ የሌለውም ሰው ቢሆን ማስታወቂያውን ሳይውል ሳያድር ያቅርብ።