የኤምኤስ ዱቄት ለግዛዋ ስር ካልቸር፦ አንዱን ከረጢት ለሁለት ሊትር

ለአንድ ሊትር ተመዝኖ፣ ቪታሚኑ ገብቶበት የሚመጣው የኤምኤስ ዱቄት (የተክል ምግብ ፈሳሽ የሚዘጋጅበት) ለትንሽ ቲሹ ካልቸር ላብራቶሪ፣ ማለትም የተክል ክፍልን በንጹህ ጠርሙስ ለሚያሳድግ፣ ትልቅ ግልግል ነው። ሃያ የሚጠጋ ጨውና ቪታሚን አንድ በአንድ ከመመዘን ያድናል። ከረጢቱ ላይ ያለው መመሪያ ግን ለስር አይሆንም። ሙራሺጌና ስኩግ እ.ኤ.አ. በ1962 ቀመሩን ያወጡት ለትምባሆ ህዋስ ነው፤ አሞኒየሙ በሊትር 20 ሚሊሞል ገደማ ይደርሳል፣ ቢ5 በሚባለው ሌላ የተክል ምግብ ቀመር ግን 2 ብቻ ነው። ስሩ አሞኒየሙን ሲወስድ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ማለትም ፈሳሹ አሲድ እየሆነ ይሄዳል።

ዊታኖላይድ ለሚባለው የግዛዋ ንጥረ ነገር ተብሎ የሚያድገው ፀጉራማ ስር (አግሮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ጂኑን አስገብቶ ያበቀለው ስር) በግማሽ ልኬት ቢጀመር ይሻላል። ዱቄቱን ለሁለት ከፍሎ መመዘን ግን ስህተት ነው፦ እርጥበት ስቦ ከጓጎለ አንዱ ግማሽ ከሌላው እኩል ንጥረ ነገር አይዝም። ሙሉውን ከረጢት በ1.8 ሊትር የተጣራ ውሃ ማሟሟት፣ 60 ግራም ስኳር መጨመር፣ ፒኤቹን 5.7 ላይ ማድረስ፣ ከዚያ 2 ሊትር መሙላት ነው። ቪታሚኑም አብሮ ስለሚቀንስ ታያሚን (ቪታሚን ቢ1) ለብቻ ይጨመራል። አጋርና ስኳር የተቀላቀለበትን ዓይነት አትግዙ። ሆርሞን ያለበትንም ተዉት፤ ፀጉራማ ስር ከባክቴሪያው ባገኘው ጂን ያለ ሆርሞን ያድጋል።

ፈሳሹን በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) ለማምከን መመሪያው «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 20 ደቂቃ» ይላል። ይህ ለባህር ዳርቻ ከተማ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ የግፊት ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 121 አይሞላም። ከሦስት ቀን በኋላ ፍላስኩ ሲደፈርስ ዱቄቱ ይወቀሳል። አውቶክሌቩ የሚችል ከሆነ ከ18 እስከ 19 ፒኤስአይ ድረስ ማድረስ፣ ካልቻለ (የቤት ፕሬዠር ኩከርም ቢሆን) ግፊቱን የሚወስነውን ክዳኑ ላይ ያለ ክብደት ሳይነኩ ጊዜውን ማስረዘም ነው። ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ ያርና ፈሳሹ ሻይ ይመስላል፤ ያን መድፋት ነው።

ጂኑን ካስገባ በኋላ ስሩ ላይ የቀረውን ባክቴሪያ የሚገድለው ሴፎታክሲም የተባለ አንቲባዮቲክ (በሊትር 500 ሚሊግራም) ሙቀት አይችልም። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ፣ ሚዲያው (የምግብ ፈሳሹ) ከ50 ዲግሪ በታች ከበረደ በኋላ ይገባል። ሴፎታክሲሙን ቶሎ ካቆሙት ባክቴሪያው ተመልሶ ይመጣል፤ ስሩ ዙሪያ እንደ ወተት የነጣ ጭጋግ ካያችሁ እሱ ነው።

በ250 ሚሊ ፍላስክ 50 ሚሊ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ስሩ አየር ያጥረዋል፣ መሃሉም ይጠቁራል። ፍላስኩን የሚያወዛውዘው ሼከር በደቂቃ 90 ዙር፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ክፍሉ ጨለማ ይሁን።

ለ50 ሊትር የሚሆን ዱቄት የያዘው ማሰሮ በሊትር ሲሰላ ይረክሳል። ነገር ግን በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይስባል። በሳምንት ሁለት ሊትር ለሚያዘጋጅ ሰው የአንድ ሊትሩ ከረጢት ይሻላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከመቀደዱ በፊትም ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ።